ኦትሱ፣ የሐይቅ ዳር ከተማ

ጃፓን በእስያ ምሥራቅ፣ በባሕር መካከል ያለች የደሴቶች አገር ናት። በዚያች አገር ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ቢዋ ይባላል። ስፋቱ 670 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቢዋ እንደ ክራር የሚመታ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። የሐይቁ ቅርጽ እሱን ስለሚመስል ስሙን ከዚያ አገኘ ይባላል።

በሐይቁ ዳር ያለችውን ኦትሱ የምትባለውን ከተማ እንጎብኝ። ኪዮቶ ከሚባለው ትልቅ ከተማ በባቡር ብንነሣ የአሥር ደቂቃ ያህል መንገድ ነው። ኦትሱ ጥንታዊት ከተማ ናት። በ667 (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) ንጉሥ ቴንጂ ዋና ከተማቸው አደረጓት። ዳሩ ግን አልቆየችም። እሳቸው ከሞቱ በኋላ በ672 ጦርነት ተነሣና ዋና ከተማነቷ ቀረ። የድሮ ቤተ መቅደሶቿን ለማየት ዛሬም ብዙ እንግዳ ይመጣል።

ከቤተ መቅደሶቹ ይልቅ እኛን የሚገርመን ቦዩ ነው። ሰዎች ተራራ በስተው የሐይቁን ውሃ ወደ ኪዮቶ ወስደዋል። ሥራው በ1885 ተጀምሮ በ1890 አለቀ። አብዛኛው የተቆፈረው በሰው ጉልበት ነው። ከዋሻዎቹ አንዱ ብቻውን ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። የኪዮቶ ሕዝብ ዛሬም የሚጠጣው የዚህኑ ሐይቅ ውሃ ነው።

በ1977 በግንቦት ወር ግን የሐይቁ ውሃ ቀላ። ክፉ ሽታም አመጣ። ሕዝቡ ደነገጠ፤ የሚጠጣው ይህንኑ ነዋ! ነገሩ ሲመረመር አንዱ ምክንያት የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና ሆኖ ተገኘ። እንዴት ቢሉ፣ በዱቄቱ ውስጥ ፎስፈረስ የሚባል ነገር ነበረ። ፎስፈረስ ገበሬ በማሳው ላይ በሚበትነው ማዳበሪያ ውስጥም አለ። ሰብልን እንደሚያፋፋ ሁሉ፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረቶችን ያፋፋል። እነሱም ሲበዙ የውሃውን መልክ ይለውጣሉ። ሞተው ሲበሰብሱ ደግሞ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሱታል፤ ዓሣውም ይታፈናል።

በሐይቁ ዙሪያ ያሉ ሴቶች ዝም ብለው አላዩም። «በዱቄቱ ማጠብ ይቅር፣ በተራው ሳሙና እንጠብ» ብለው ተነሡ። የምግብ ዘይት ጠብሰውበት ሲያበቃ ወደ ቦይ ከመድፋት ይልቅ እያጠራቀሙ ሳሙና እንዲሠራበት አደረጉ። ዱቄቱን የሚሠሩት ኩባንያዎች ተቃወሙ፤ ገበያቸው ነው፣ ምን ይደረግ! ሆኖም የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት በ1979 ደንብ አወጣ። ፎስፈረስ ያለበትን ዱቄት ሳሙና መሸጥም፣ መጠቀምም ከ1980 ሐምሌ ወር ጀምሮ ተከለከለ። ኩባንያዎቹም ፎስፈረስ የሌለው ዱቄት ይዘው ብቅ አሉ።

ሐይቁ በዚህ ብቻ ፈጽሞ አልዳነም። በ1983 ደግሞ ውሃውን አረንጓዴ የሚያለብስ ሌላ ዓይነት ጥቃቅን ፍጥረት ታየበት። ደንቡ የጸናበት ቀን፣ በእኛ ሰኔ 24 ማለት ነው፣ የቢዋ ሐይቅ ቀን ተብሎ ይከበራል። በዚያ ሰሞን ሕዝቡ ከረጢቱን ይዞ ወደ ሐይቁ ዳር ይወጣና ቆሻሻ ይለቅማል።