ማዲሰን ሐሳቡን የቀየረበት ቀን

በ1786 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለአሜሪካዊው ፖለቲከኛ ጄምስ ማዲሰን ከፓሪስ መጻሕፍት ደረሱት። ላኪው ያኔ በፈረንሳይ የአገሩ መልእክተኛ የነበረው ቶማስ ጀፈርሰን ነው። ማዲሰን ቨርጂኒያ ቤቱ ተቀምጦ የጥንት ግሪኮችን፣ የስዊሶችንና የሆላንዶችን ኅብረት እያገላበጠ እያንዳንዱን ምን እንዳላላው መዘገበ።

እንዲህ የተጨነቀው ለገዛ አገሩ ነው። በ1781 የጸናው የመጀመሪያው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ከንጉሥ ቀንበር ገና የወጡ ሰዎች የጻፉት በመሆኑ፣ ማዕከሉ እንዳይፈረጥም አጥብቆ ይጠነቀቅ ነበር። ኮንግረስ ጦርነት ያውጃል፤ ግብር ግን መጣል አይችልም። ገንዘብ ሲቸግረው ለ13ቱ ግዛቶች መዋጮ እንዲልኩ ይጽፋል፤ የፈለገ ይልካል፣ ያልፈለገ ዝም ይላል። በገቢ ዕቃ ላይ 5 በመቶ ቀረጥ ይጣል ቢባል በ1782 ሮድ አይላንድ እምቢ አለች፤ ማሻሻያው የሁሉንም ፈቃድ ስለሚጠይቅ ሐሳቡ በዚያው ቀረ። በ1783 ደመወዝ የቀረባቸው ወታደሮች ፊላደልፊያ ላይ ሲከቧቸው የኮንግረስ እንደራሴዎች ወደ ፕሪንስተን ሸሹ። የእንግሊዝን ንጉሥ ያሸነፈ ምክር ቤት መሆኑን ልብ ይሏል! በ1786 መገባደጃ ዕዳ ያስመረራቸው የማሳቹሴትስ ገበሬዎች ፍርድ ቤቶችን ሲዘጉም፣ ዓመፁን ላበረደው ጦር ገንዘብ ያዋጡት ነጋዴዎች ናቸው።

ማዲሰን በ1787 ጸደይ የሥርዓቱን እንከኖች ጻፈ። ብዙው ሰው የግዛቶችን ስስት ሲወቅስ እሱ ቅጣት የሌለው ትእዛዝ ሕግ አይባልም አለ። መድኃኒቱም ማስገደድ መሰለው። ሜይ 29 ሥርዓቱን ለማሻሻል ለተጠራው የፊላደልፊያ ጉባኤ የቀረበው፣ የእሱን ሐሳብ የያዘው የቨርጂኒያ ዕቅድ ግዴታዋን በማትወጣ ግዛት ላይ ኃይል መጠቀምን ይፈቅድ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ግን ይኸው ማዲሰን ተነሥቶ አንቀጹ ይቆይልን አለ። ባሰበበት ቁጥር ይበልጥ ተጠራጠረው፦ በግዛት ላይ ጦር መስደድ ጥፋተኛውን ከንጹሑ ሳይለዩ መውጋት ነው፤ ጦርነት እንጂ ቅጣት አይሆንም። ለእኔ የታሪኩ እምብርት ይህ ነው። ኮንግረስ የሚጽፈው ለመንግሥታት ነበር፤ መንግሥት ደግሞ ተይዞ ችሎት አይቆምም። ሰው ግን ይቆማል።

ስለዚህ ጉባኤው ባወጣው አዲስ ሕገ መንግሥት ማዕከሉ ቀረጡን ከነጋዴው በራሱ ሰብሳቢ ይቀበላል፤ አልከፍልም ያለውም በፌዴራል ፍርድ ቤት ይጠየቃል። ሮድ አይላንድ ለጉባኤው ተወካይ እንኳ አልላከችም፤ ሕገ መንግሥቱን የተቀበለችው በ1790፣ ከ13ቱ መጨረሻ ሆና ነው።