ተመልሶ የመጣ ቡአ በየት በኩል ይጠገን?

ቡአ የምንለው አንጀት ወይም የሆድ ስብ በሆድ ግድግዳ ደካማ ሥፍራ ሾልኮ ወጥቶ የሚያብጠውን ነው። በብሽሽት የሚወጣው ከሁሉ ይልቅ የተለመደ ሲሆን በወንዶች ላይ ይበዛል። በእኛ ዘንድ ስሙን በግልጽ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው፤ ነገሩ የሐፍረት ሳይሆን የግድግዳ መሳሳት መሆኑን አንባቢያችን አስቀድሞ ይወቅልን። እዚህ የምንመረምረው ግን አንድ ጊዜ ተጠግኖ ዳግመኛ የመጣውን ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ኢጣሊያዊው ኤዶዋርዶ ባሲኒ ግድግዳውን በስፌት የማጠንከርን ዘዴ አስገኘ። ስፌቱ ሁለቱን ጠርዝ ስቦ የሚያገናኝ ስለ ሆነ፣ የተወጠረው ሥጋ በጊዜ ብዛት ሊለቅ ይችላል። ስለዚህም አሜሪካዊው ኢርቪንግ ሊክተንስታይን ከባልደረቦቹ ጋር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሥጋውን ሳይወጥሩ በፖሊፕሮፒሊን መረብ የመሸፈንን አሠራር አስፋፉ። ይህ ብሽሽቱን ከፊት ሰንጥቆ የሚሠራ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በሆድ ላይ ጥቂት ትንንሽ ቀዳዳ ከፍቶ፣ ካሜራ አስገብቶ፣ መረቡን ከጡንቻው በስተጀርባ የማንጠፍ ዘዴ ተስፋፋ።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብሎ በደፈናው መጠየቅ ለተመላሽ ቡአ ብዙም አይጠቅምም ብለን እናምናለን። መጠየቅ ያለበት ጠባሳው የት እንደሚገኝ ነው። አንድ ጊዜ የተቀደደ ሥፍራ ሲድን ጡንቻው፣ ነርቩና ወደ ዘር ፍሬ የሚወርደው ገመድ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። ሐኪሙ በዚያው በር ዳግመኛ ቢገባ የተጣበቀውን ሲለያይ ነርቭ ሊቈርጥ፣ ወይም የዘር ፍሬውን የሚመግበውን ደም ሥር ሊጎዳ ይችላል። ያን ጊዜ በሽተኛው የማይለቅ ሕመም ይተርፈዋል፤ አልፎ አልፎም ፍሬው ይሟሽሻል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያም በፊት የተሠራው ከከሸፈ በጀርባ፣ በጀርባ የተሠራው ከከሸፈ በፊት እንዲጠገን የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥሩም ይህንኑ ጥንቃቄ ያስተምራል። በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጦር ጡረተኞች ሆስፒታሎች የተደረገው ጥናት ውጤት ታትሞ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በተጠገኑት ዘንድ ቡአው በሁለት ዓመት ውስጥ የተመለሰው በቀዳዳ ከተሠሩት 10.1 በመቶ፣ በስንጥቅ ከተሠሩት 4.0 በመቶ ላይ ነው። ቀድሞውኑ ተመላሽ በነበረው ላይ ግን በቀዳዳ 10.0፣ በስንጥቅ 14.1 ሆነ። ይህ የኋለኛው ልዩነት በስታቲስቲክስ ሚዛን በቂ ስላልነበረ ቀዳዳው አሸነፈ አንልም፤ ሆኖም በመጀመሪያው ጥገና የታየው የስንጥቅ ብልጫ እዚህ አልተገኘም።

በቀዳዳ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ በሽተኛውን ፈጽሞ የሚያስተኛ ማደንዘዣና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይፈልጋል። ልቡ ወይም ሳንባው ለደከመ ሽማግሌ፣ ወይም መሣሪያው በሌለበት የገጠር ሆስፒታል፣ ሥፍራውን ብቻ አደንዝዞ በስንጥቅ መሥራት ይቻላል። የእጅ ልምድም ቀላል ነገር አይደለም፤ ከጀርባ ያለውን የብሽሽት አቀማመጥ መልመድ ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

እንግዲህ ሁለተኛው ሐኪም ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ሥራ ጽሑፍ ነው። በሽተኛው «ተሰፍቻለሁ» ከማለት በቀር ብዙ ጊዜ የሚያስረዳው የለውም፤ በጀርባ የተነጠፈ መረብም ከውጭ የሚታይ ምልክቱ ሁለት ሦስት ትንንሽ ጠባሳ ብቻ ነው።