ሁለትና አምስት የማይገኙበት ድምር

ከዐስር እስከ መግሪብ ያለችው ሰዓት ለልጆች ረዥም ናት። ለዚያች ሰዓት ወረቀትና እርሳስ ብቻ የሚፈልግ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ይዘን መጥተናል።

ጥያቄው የቆየ ነው። በ429 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ1037) ያረፉት አቡ መንሱር ዐብዱልቃሂር አል-በግዳዲ የሻፊዒይ መዝሀብ ፈቂህ፣ የዐቂዳም ሊቅ ነበሩ። «አት-ተክሚላ ፊል-ሒሳብ» የተሰኘ የሒሳብ ኪታብም ጽፈዋል። እኒህ ዓሊም ሁለትና አምስት ልዩ ጠባይ እንዳላቸው አስተዋሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድን ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍሉትን፣ ከራሱ በቀር፣ እንደምር። የ8 አካፋዮች 1፣ 2 እና 4 ናቸው፤ ድምራቸው 7። የ9 ደግሞ 1 እና 3፤ ድምራቸው 4። 7ም 4ም እንዲህ ተገኙ። 2 እና 5 ግን ከየትኛውም ቁጥር አይገኙም።

ቁጥር ማለቂያ የለውም፤ ታዲያ «በፍጹም» ለማለት ምን ደሊል አለን? ለ5 እንየው። እንደ 7 ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር ድምሩ ምንጊዜም 1 ነው። ከቀሩት መካከል ከ16 የሚበልጥ ሁሉ ከ4 የሚበልጥ አካፋይ አለው፤ 1 ሲጨመርበት ድምሩ 5ን ያልፋል። ስለዚህ የሚፈተሹት 4፣ 6፣ 8፣ 9፣ 10፣ 12፣ 14፣ 15 እና 16 ብቻ ናቸው። ድምሮቻቸው በቅደም ተከተል 3፣ 6፣ 7፣ 4፣ 8፣ 16፣ 10፣ 9 እና 15። አምስት የለም።

ቀጣዩ እንዲህ ያለ ቁጥር 52 ነው። በዚሁ መንገድ እስከ 2601 ድረስ መፈተሽ ስለሚጠይቅ ለኮምፒውተር ብንተወው ይሻላል። ከእርሱ በኋላ 88፣ 96 እና 120 ይመጣሉ። የሀንጋሪው የሒሳብ ሊቅ ፖል ኤርዲሽ እነዚህ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው እ.ኤ.አ. በ1973 አረጋግጧል።

እስካሁን ከታወቁት ውስጥ ጎዶሎው 5 ብቻ ነው። ሌላ ጎዶሎ እንደሌለ ሊቃውንቱ ይገምታሉ፤ ነገር ግን ማረጋገጫ ስላልተገኘ «የለም» ብለው አልደመደሙም። ኮምፒውተር የቱንም ያህል ርቆ ቢቆጥር፣ ወሰኑ ካልታወቀ ፍለጋው ብቻውን ደሊል አይሆንም።

ወላጆች ሆይ፣ ዛሬ ልጆቻችሁን 2 ለምን እንደማይገኝ ጠይቋቸው። ብዙ ቁጥር ሞክረው «አጣነው» ቢሏችሁ አትቀበሏቸው፤ «እዚህ ላይ ለምን አቆማችሁ?» በሏቸው። ያለ ደሊል «በፍጹም» አለማለትን በሒሳብ የለመደ ልጅ በዲኑም፣ ስለ ሰው በሚናገረውም ይጠነቀቃል። ወላሁ አዕለም።