የተገታው ደዌና ያልተገታው ነቀፋ

በአገራችን ብዙ ሴቶች ኤች አይ ቪ በደማቸው መኖሩን የሚያውቁት ታመው አልጋ ላይ ሲውሉ ሳይሆን፥ ጽንሳቸው በደኅና እንዲወለድላቸው ለቅድመ ወሊድ ክትትል ጤና ጣቢያ በሄዱበት ቀን ነው። ባልየው ገና አልተመረመረምና፥ ከቤተ ሰቡ ሁሉ አስቀድማ እውነቱን የሰማችው ሚስት ደዌውን ወደ ቤት ያገባች ተብላ ትነቀፋለች። ነገር ግን የደም ምርመራው የሚያሳየው ሰውነት ቫይረሱን ሊከላከል ያዘጋጀውን ፀረ እንግዳ አካል እንጂ፥ ቫይረሱ መቼ እንደ ገባ ወይም ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ ስላይደለ፥ ከውጤቱ ወረቀት ላይ የሰው ኃጢአት ሊያነብ የሚሞክር ሁሉ ያልተጻፈውን ያነባል።

ይህ ቫይረስ በባሕርዩ ብቻውን ሊራባ የማይችል ረቂቅ ነው፤ ሲዲ 4 ወደ ተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ይገባና፥ የራሱን ዘር ገልብጦ ከሕዋሱ ዘር ጋር አዋሕዶ፥ ሕዋሱ መሰሎቹን እንዲያመርትለት ያስገድደዋል። በኢትዮጵያ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ የሚታደለው ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ይህን ሥራ በየደረጃው ያግዳል፤ አንዱ ግልበጣውን፥ ሌላው፥ ለምሳሌ ዶሉቴግራቪር፥ ውሕደቱን ይከለክላል። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ በምትወስድ ሴት ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በወራት ውስጥ በመሣሪያ እስከማይታይ ድረስ ሊወርድ ይችላል። በ14 የአውሮፓ አገሮች፥ አንዱ ቫይረሱ ያለበት ሌላው የሌለበት 888 ጥንዶችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት፥ ያለ ኮንዶም በተፈጸመ 58,000 ያህል ግንኙነት፥ መጠኑ ከወረደለት ሰው ወደ ተጓዳኙ ቫይረሱ ሲተላለፍ አንድ ጊዜ እንኳ አላገኘም፤ በጥናቱ ጊዜ 11 ሰዎች ቢያዙም፥ የቫይረሱ ዘር ሲመረመር የመጣው ከሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ለቤቱ የሚያሰጋው ተመርምራ የምትታከመው ሚስት ሳትሆን፥ ቫይረሱ ቢኖርበትም ሳይመረመር የቀረው ሰው ነው። ለልጇም ቢሆን፥ ያለ ሕክምና ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ቫይረሱን ከእናታቸው ሲወስዱ፥ እናቲቱ ስትታከምና ሕፃኑም የመከላከያ ሽሮፕ ሲወስድ፥ ጡት እያጠባችው እንኳ ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል።

ነቀፋ ኀዘን ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ወደ ደምም ይገባል። አማቷ እንዳታይባት የብልቃጡን ጽሑፍ ልጣ፥ ክኒኑን በጨርቅ ቋጥራ የምትደብቅ ሴት፥ እንግዳ ባደረ ሌሊት ሳትውጠው ታድራለች፤ ቫይረሱም በሕዋሶች ውስጥ አድብቶ የሚቆይ እንጂ ፈጽሞ የጠፋ ስላልሆነ፥ መድኃኒቱ መታጎሉ ሲደጋገም እንደገና ይበዛል፥ መድኃኒቱን የሚቋቋም ዝርያም ሊወጣው ይችላል። «ከእርሷ ተጠንቀቁ» ብሎ የሚያንሾካሹክ ጎረቤት፥ የፈራውን ነገር በገዛ ቃሉ ይጠራዋል፤ ይህን ደግሞ ከሥነ ምግባር ጉድለትነቱ ይልቅ እንደ በሽታ መንሥኤ ልንቈጥረው ይገባናል እላለሁ።

መድኃኒትን የሚያስተወው ግን ነቀፋ ብቻ አይደለም፤ በእንጦጦ ማርያም ጠበል ሊፈወሱ ከሰፈሩት ሕሙማን አያሌዎቹ መድኃኒት መዋጥ የሃይማኖት ጉድለት መስሏቸው ይተዉት ነበርና፥ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይቃረኑ በይፋ መናገራቸው ታላቅ ነገር ነበረ። ከዚህ የማያንስ የምለው በጤና ጣቢያዎች የተቋቋሙት የእናቶች ድጋፍ ቡድኖች የሚሠሩትን ነው፤ በዚያ ውጤቷን ዛሬ የሰማችውን ነፍሰ ጡር ተቀብላ የምታማክራት፥ ራሷ ቫይረሱ በደሟ ያለባት እናት ናት፤ በ18 ወሩ ተመርምሮ ነጻ የተባለ ልጅ ያላት ስለሆነች፥ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ይልቅ እርሷ ትታመናለች።