ካርታው ከወጣ በኋላ

ደብረ ታቦር ላይ በደመወዝ የሚተዳደር ሰው ቤት ልሥራ ሲል ብዙውን ጊዜ ብቻውን አይነሳም። የሥራ ባልደረቦቹንና የሚያውቃቸውን ያሰባስብና የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ያቋቁማል። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ፤ መተዳደሪያ ደንብ ይጻፋል፤ ቁጠባው በዝግ ሂሳብ ይቀመጣል። መሬት ሲገኝ ቦታው በዕጣ ይደርሳል። ከተማዋ የጉና ተራራ ጎረቤት ናትና ተዳፋት የወጣለት ሰው ግድግዳ ሳያቆም ገንዘቡን መሠረቱ ይበላበታል።

ይህ አሠራር የተስፋፋው በደርግ ዘመን ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ የሚያገኘው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ትርፍ ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። የሚከራይ ቤት ማቆም ሲቀር ተደራጅቶ፣ ከቤትና ቁጠባ ባንክ ተበድሮ ለራስ መሥራት ዋና መንገድ ሆነ። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 147/1991 ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 10 ሰው እንዲኖር፣ አክሲዮኑ የቱንም ያህል ቢሆን አባሉ አንድ ድምፅ ብቻ እንዲኖረው ደነገገ። ይህ እኩልነት ከማኅበሩ ሁሉ የምወደው ነገር ነው።

የሚያሳዝነኝ መጨረሻው ነው። ቤቱ አልቆ ካርታው በየአባሉ ስም ሲወጣ ማኅበሩ ይበተናል። የጎርፍ መውረጃው፣ ኮረኮንቹ መንገድ፣ በሁለት ግቢ መካከል ያለው አጥር ባለቤት ያጣል።

ኒውዮርክ ውስጥ ነገሩ ተገላብጦ ይገኛል። እዚያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ፣ ግድግዳቸው ወፍራም፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ ክፍላቸው ሰፋፊ የሆኑ አፓርታማዎች በጥንታዊዎቹ የሀብታም ሰፈሮች ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ የኅብረት ሥራ ቤቶች ናቸው። ሕንፃው በሙሉ የማኅበሩ ነው። ገዢው የሚገዛው አክሲዮን ሲሆን በዚያ አክሲዮን በአንድ አፓርታማ የመኖር መብት ያገኛል። በየወሩ መዋጮ ይከፍላል፤ ጣሪያው ሲያፈስ፣ ማሞቂያው ሲበላሽ፣ አሳንሰሩ ሲቆም ከዚያ ይጠገናል። በ1884 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው ዝነኛው ዳኮታ በኪራይ ሲተዳደር ቆይቶ በ1961 እ.ኤ.አ. ወደዚህ ሥርዓት ገባ፤ እስከ ዛሬም ቆሟል። ሆኖም የማኅበሩ ቦርድ አዲስ ገዢን ምክንያት ሳይናገር መከልከል ይችላል፤ ለብዙ ዘመን ጥቁሮችና አይሁዶች በዚህ በር ተዘግቶባቸዋል። ጥገናው የሚያስቀና፣ በረኝነቱ የሚያስጠላ ሥርዓት ነው።

ሳይበተን የቆየ ማኅበር ለማየት ግን ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልግም። ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር ሲወርዱ፣ ወረታ ሳይደርሱ፣ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው አውራ አምባ አለ። ቤተሰቦቹ በየራሳቸው ቤት ይኖራሉ፤ ሽመናውንና ወፍጮውን በጋራ ያሠራሉ፤ አቅም ያነሳቸው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት አላቸው። ቤት መሥራት እዚያ የማኅበሩ መጨረሻ አልሆነም።

በከተማው የቤት ማኅበር ላይ የአውራ አምባን ኑሮ ልጫን አልልም። ደንቡ ሲጻፍ ግን አንድ አንቀጽ ቢጨመርበት እመኛለሁ፤ ካርታው ከወጣ በኋላም አባላቱ ለመውረጃውና ለመንገዱ በየወሩ እንዲያዋጡ። እነዚሁ ጎረቤቶች ሰፈሩ ሰው ከያዘ በኋላ እድር ያቋቁማሉ፤ ድንኳንና ወንበር ገዝተው በየወሩ ሳያጓድሉ ይከፍላሉ። የሚያዋጣ እጅም፣ ሒሳብ የሚይዝ ሰውም ከመካከላቸው አለ። ክረምት ሳይገባ ቦዩን የሚያስጠርግ ኮሚቴ መምረጥ ከዚያ የሚከብድ ሥራ አይደለም።