ባለቤታቸው ማን ነበሩ?

ሚስዮናዊ ሲባል የብዙ ሰው ዓይን ላይ ድቅን የሚለው ላንድሮቨር የሚነዳ ነጭ ወንድ ነው። የእኛም ሰፈር፣ ሸጎሌ፣ ከዚህ አላመለጠም። እዚሁ ጉለሌ ውስጥ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ዶክተር ቶማስ ላምቢ ያሠሩት ሆስፒታል ነበር፤ ግቢው ኋላ የፓስተር ኢንስቲትዩት ሆነ። ነገር የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዶክተሩን ዛሬም ያነሷቸዋል። «ወይዘሮ ሻርሎት ላምቢስ?» ብላችሁ ጠይቁ እስቲ። «እ… ባለቤታቸው ነበሩ» ይሏችሁና ወሬው እዚያው ያበቃል።

ላምቢዎች ፕሬስቢቴሪያን እንጂ ሉተራን አልነበሩም። ሁሉንም «ጴንጤ» እያላችሁ በአንድ ዓይን የምታዩ፣ እባካችሁ ተዉ፤ ልዩነት አለው። የእኔ ወሬ ስለ ሉተራኖቹ፣ በተለይም ስለ ሉተራን ሚስዮናዊ ባልና ሚስት ነው። ባልና ሚስቱን ለይቼ የማነሳቸው አለምክንያት አይደለም። የሚስዮን ጣቢያ የሚባለው ነገር የቆመው በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ሳለ የምናስታውሰው አንዱን ብቻ ነው።

መሠረታዊውን ነገር በአጭሩ ላንሳና ልለፍ። የስዊድን ወንጌላዊት ሚስዮን ምጽዋ የደረሰችው እ.ኤ.አ. በ1866 ነው። ጀርመኖቹ፣ ኖርዌጂያኖቹና ሌሎቹ ኋላ መጡ። ከዚህ ሁሉ ድካም የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. ተመሠረተች። ያኔ ምእመኖቿ ወደ 20 ሺህ ነበሩ፤ ዛሬ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ምእመናን እንዳሏት ትገልጻለች። ይህን የሚያውቅ ብዙ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ወለጋ የገባው የመጀመሪያው የሉተራን ሚስዮናዊ ቤተሰብ ነጭ አለመሆኑን ነው። ስዊድኖቹ ወደ ኦሮሞ አገር ለመዝለቅ ደጋግመው ሞክረው መንገዱ ተዘግቶባቸዋል። በሩን የከፈቱት ኤርትራዊው ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤልና ባለቤታቸው ጉመሽ ወልደ ሚካኤል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1898 ቦጂ ደርሰው ጎጆ ቀለሱ። ቄሱ በ1905 ቤት ሲቃጠል ሰው ለማዳን ብለው እሳት ውስጥ ገብተው ሞቱ። ይህን ታሪክ ለሰው ስተርክ «እንዴት ያለ ጀግና ነው!» የማይለኝ የለም። ግን «ጉመሽስ ምን ሆኑ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። አገራቸውን ጥለው፣ ቋንቋው የሌላ የሆነ አገር ገብተው፣ ከባላቸው ጋር የሰው ልጅ ሲያስተምሩ ኖረው በአንድ ሌሊት መበለት የሆኑት እሳቸው አይደሉም እንዴ?

ኦነሲሞስ ነሲብም እንደዚሁ ናቸው። በልጅነታቸው በባርነት የተሸጡት፣ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጡት፣ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎሙት ኦነሲሞስ ስማቸው በየመድረኩ ይነሳል፤ ይገባቸዋልም። በ1904 ወደ ነቀምቴ ሲሄዱ ግን ብቻቸውን አልነበሩም። ባለቤታቸው ሊዲያ ዲምቦ ራሳቸው ከባርነት የተላቀቁ፣ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የሚስዮን ትምህርት ቤት ያደጉ መምህርት ነበሩ። ሚስት ባይሆኑም አስቴር ጋኖ አብረው ይነሱ፤ ተረቱንና ምሳሌያዊ አነጋገሩን ከትዝታቸው እያወጡ በ1894 ለታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ነፍስ የዘሩበት እሳቸው ናቸው። እስከ 1964 ኖረዋል። አንዲት ሴት ከባሪያ ፈንጋይ እጅ ወጥታ የሕዝቧን ቋንቋ መጽሐፍ ታሰናዳለች፣ እኛ ደግሞ ስሟን «እና ረዳቶቻቸው» በሚለው ውስጥ እንቀብራለን።

እስቲ ወደ ቀን ተቀን ኑሮው ልግባ፤ እኔ የምወደው እሱን ነው። ሰፈሬ ውስጥ አንዲት እናት አሉ፤ ልጅ ሳሉ ወለጋ ውስጥ በአንድ የስዊድን ሚስዮን ጣቢያ ነው ያደጉት። «እማማ፣ የሚስዮናዊው ሚስት ቀኑን ሙሉ ምን ይሠሩ ነበር?» አልኳቸው።

«ምን ያልሠሩት አለ ልጄ!» ብለው ጀመሩ።

ገና ጎሕ ሳይቀድ በረንዳው በበሽተኛ ይሞላል። ዓይኑ የታመመ፣ እግሩ የቆሰለ፣ ሕፃን ያቀፈች። ሴትየዋ ከቁርስ በፊት መርፌውን በላምባ ምድጃ ላይ ይቀቅላሉ። ቀጥሎ የቤት ጸሎት አለ፤ ሠራተኛውም፣ ተማሪውም፣ ያደረው እንግዳም አብሮ ይዘምራል። ባልየው ቡናቸውን ጠጥተው በቅሏቸው ላይ ይወጣሉ፤ ገጠር ለገጠር ዞረው የሚመለሱት ከሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይተው ነው። ታዲያ ጣቢያውን ማን ያዘው? የመጋዘኑ ቁልፍ ሴትየዋ ወገብ ላይ ነው። ለሠራተኛ የሚከፍሉት፣ የሴቶቹን ትምህርት ቤት የሚከፍቱት፣ ማታ ምጥ የያዛት ሴት ስትመጣ የሚነሱት፣ ለአገራቸው የሥራ ሪፖርት የሚጽፉት እሳቸው ናቸው።

እማማ ከሁሉ አስረዝመው ያወሩኝ ስለ ፋኖስ ነው። አመሻሽ ላይ ሴትየዋ የፋኖሶቹን ብርጭቆ በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ይደረድሩና በጋዜጣ ይወለውላሉ። ጋዜጣው ከስዊድን ወራት ፈጅቶ የመጣ ነው። ልጆቹ ዙሪያውን ቆመው «እትዬ፣ ሥዕሉን እንዳይቀዱት! ሥዕሉን እንዳይቀዱት!» እያሉ ይለምናሉ። ሴትየዋም የመርከቡን፣ የበረዶውን፣ የንጉሡን ሥዕል እየቆረጡ ያድሏቸዋል፤ ጽሑፉ ብቻ ጥቀርሻ ይጠርግበታል። «ዓለም ክብ መሆኗን የተማርኩት ከዚያ ቁራጭ ወረቀት ነው» አሉኝ እማማ። በመጽሐፍ የተጻፈ የሚስዮን ትምህርት ታሪክ አንብቤያለሁ፤ ይህን የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም።

ሁሉም ቅዱሳን ነበሩ አልልም። የአገሬውን ሰው በጓሮ በር ብቻ የሚያስገቡ፣ ቋንቋውን አሥር ዓመት ኖረው ያልቻሉ ነበሩ። እማማም ይህንን አልደበቁኝም። ሆኖም በብዙ የሚስዮን ማኅበራት መዝገብ ውስጥ ሚስዮናዊው ባል ነበር፣ ደመወዙም የእሱ ነበር፤ የሚስት ሥራ አብሮ እንደመጣ ዕቃ ይቆጠር ነበር። ከጥንትም የነበረ ቅሬታ ነው፤ እኛ ዛሬ መድገማችን ግን ምክንያት የለውም።

ስለ ልጆቻቸው ብዙ አልልም። ከሸጎሌ ብዙም የማይርቀው ቢንግሃም አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው ለሚስዮናውያን ልጆች ነው። ወላጆች ሩቅ ገጠር፣ ልጅ አዳሪ ትምህርት ቤት። እናት የልጇን ጥርስ መነቀል በደብዳቤ የምትሰማበት ኑሮ ነበር።

ጉመሽ የገቡባት ቦጂ ኋላ ቄስ ጉዲና ቱምሳን አፈራች። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ጉዲና ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ፣ ኡራኤል ካለው ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። አስከሬናቸው ተገኝቶ በክብር የተቀበረው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ያን ማታ ባለቤታቸው ጸሐይ ቶሎሳ አብረዋቸው ነበሩ። እሳቸውም ኋላ ተይዘው ለአሥር ዓመት ያህል ታሰሩ፤ ተሠቃዩ። የጉዲናን ታሪክ ስንናገር የምናቆመው በሐምሌ 21 ከሆነ የአሥር ዓመቱን እስር ዘለልነው ማለት ነው።

አንድ የኢዮቤልዩ መጽሔት በእጄ አለ፤ የየት አጥቢያ እንደሆነ ይቅር። በፎቶው መካከል አንዲት ሴት ቆማለች፤ ሁለት ሕፃን ታቅፋለች፤ ከኋላዋ የተማሪዎች ሰልፍ አለ። ባልየው ዳር ላይ ኮፍያውን ይዞ ቆሟል። ከሥሩ የተጻፈው ግን የቄሱ ሙሉ ስም፣ ማዕረጋቸው፣ የመጡበት ዓመት፣ ከዚያ «ከነባለቤታቸው» ይላል።

የቡና ላይ ወሬያችንም እንደዚሁ ነው። በቅርቡ ጎረቤት ቤት ሁለት የውጭ አገር ሚስዮናውያን፣ ባልና ሚስት፣ ተጋብዘው ነበር። ሰው ሁሉ ባልየውን ስለ ሥራቸው ይጠይቃል። ሚስትየዋን የሚጠይቀው «ቡናችን ጣፈጠዎት?» ብቻ ነው። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ሥራቸውን ስትጠይቃቸው አዋላጅ ነርስ መሆናቸው ወጣ፤ አማርኛቸውም ከባላቸው ይበልጥ ነበር።

ስለዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት የምታዘጋጁ፣ የአጥቢያ ታሪክ የምትጽፉ፣ አደራ። በየቤቱ ያሉትን አሮጌ ፎቶዎች አውጥታችሁ፣ ትልልቆቹ ሰዎች በሕይወት ሳሉ «ይህቺ ሴት ማን ናት? ምን ታስተምር ነበር? ማንን አዋለደች?» ብላችሁ ጠይቁ። ስሟን ከነአባቷ ስም ጻፉት። ቦታ ከጠበባችሁ የቄሱን ማዕረግ አሳጥሩ።