መልሱ የሚያድርበት ቤት

ወደ አምቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ ቡራዩ ውስጥ፣ ማመልከቻ ከሚጻፍባቸውና ፎቶ ኮፒ ከሚነሣባቸው ጠባብ ቤቶች በአንዱ ተራዬን ስጠብቅ፣ ጸሓፊዋ ልጅ የተከፈተባትን መስኮት ለመዝጋት ኢስኬፕ የተባለውን ቁልፍ ስትሻ ጣቷ አዳልጧት ከጎኑ ባለው ኤፍ 1 ላይ ቢያርፍ፣ ማንም ያልጠራው የእገዛ ገጽ ብቅ አለ፤ ኔትወርኩ ግን ከጧት ጀምሮ ጠፍቶ ነበርና ገጹ ባዶውን ቀረ። «ይኸ ደግሞ ረዳት ተብሎ!» አለችና ዘግታው ሥራዋን ቀጠለች። እኔ ግን ባዶው ገጽ ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ፤ ቀድሞ መልሱ የሚያድረው በኮምፒውተሩ ውስጥ ነበርና።

ኮምፒውተርን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ማለት የዘመኑ ሊቃውንት ሥርዓተ ክወና ብለው የሰየሙት ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ አጠቃቀሙን የሚያስረዳ መጽሐፍ ከራሱ ጋራ ይዞ መኖር ከጀመረ ግማሽ ምእት ዓመት ዐልፎታል። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ለሠሩት ዩኒክስ የመጀመሪያው መጽሐፈ መመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1971 ነው፤ ጥቂት ቆይቶም መጽሐፉ ወደ መሣሪያው ስለ ገባ፣ ሠራተኛው «ማን» ብሎ ጽፎ የትእዛዙን ስም ሲያስከትል አንቀጹ ይወጣለት ጀመር። (ቃሉ ማኑዋል ከሚለው ያጠረ ነው እንጂ የኛ የጥያቄ ቃል አይደለም፤ ቢኾንም «ማን?» ብሎ ጠይቆ መልስ ማግኘት ለአማርኛ ጆሮ ይጥማል።) ያን ጊዜ ኦንላይን ማለት ወረቀት ሳይገልጡ በዚያው በመሣሪያው ላይ ማንበብ ማለት ነበር እንጂ ውቅያኖስ ተሻግሮ መጠየቅ አልነበረም። ገጹም ስሙን፣ አጻጻፉንና ሐተታውን ከዘረዘረ በኋላ ሠሪዎቹ ያላቃኑትን ስሕተት በገዛ እጃቸው የሚናዘዙበት ርእስ ነበረው፤ እንዲህ ያለውን ትሕትና ኋላ በመጡት መመሪያዎች ዘንድ እምብዛም አላየሁም።

የኤፍ 1ን ምሥጢር ያስተዋልኩት ግን ሱሉልታ በሚኖሩት አጎቴ ምክንያት ነው። ከእንጦጦ ማዶ፣ ከዚያ ብርድ ውስጥ ኾነው «ልጄ፣ ይኸ ፕሪንተር እንቢ አለኝ» ብለው ሲደውሉ፣ ከሁሉ አስቀድሜ «አሁን ስክሪኑ ላይ ምን ተጽፎ ይታይዎታል?» እላለሁ፤ የቆሙበትን ሳላውቅ መንገድ ላሳያቸው አልችልምና። ኮምፒውተሩ ይህን መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር፤ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ለየመስኮቱ ቁጥር ስለ ሰጠው፣ ኤፍ 1 በተጫኑ ጊዜ ያ ቁጥር ወደ እገዛው ፋይል ይሄድና፣ ፋይሉም ቁጥሩን ከአንቀጹ ጋራ የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ስላለው፣ የአንድምታ መምህር ንባቡ ከቆመበት ቃል ላይ ትርጓሜውን እንደሚያወርድ ኹሉ፣ የተፈለገችውን ገጽ ብቻ ለይቶ ያወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ከወጣው ዊንዶውስ 3.0 ጀምሮ እንዲህ ያለው ፋይል ማውጫውንና ከአንቀጽ ወደ አንቀጽ የሚያሻግረውን ማያያዣ ይዞ ከፕሮግራሙ ጋራ በዲስክ ይመጣ ነበር።

ኋላ ቤቱ ተቀየረ። መመሪያው በኢንተርኔት ላይ ቢቀመጥ ዕለት ዕለት ይታረማል፣ ዲስክም አያጣብብም ተባለ፤ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን በዊንዶውስ 10 ዴስክቶፕ ላይ ኤፍ 1 የተጫነ ሰው የሚያገኘው የቆመበትን አንቀጽ ሳይኾን፣ በጠቅላላው ስለ ዊንዶውስ እገዛ የሚፈልግ ብራውዘር ነው። ለዊንዶውስ 7 የቀረበው የአማርኛ የቋንቋ ጥቅልም በብዛት የሚታዩትን ክፍሎች ብቻ ስለ ተረጐመ፣ ከዚያ ጠለቅ ያለ ሰው እንግሊዝኛ ይጠብቀው ነበር።

መልሱን ከራሱ ጋራ ይዞ የሚኖር ፕሮግራም ግን ዛሬም አለ። በጅማ መንገድ፣ ሰበታ ላይ፣ መርሐ ዕውራን የሚባል የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ፤ የግእዙ ስም የዕውራን መሪ ማለት ነው፤ በዚያ ሳልፍ ይህ ስም ኤን ቪ ዲ ኤ የተባለውን ፕሮግራም አስታወሰኝ። ይህ ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብ ነፃ ፕሮግራም፣ ራሱ ዓይነ ስውር የኾነው አውስትራሊያዊው ማይክል ከራን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ነው። መመሪያው ከራሱ ጋራ በኮምፒውተሩ ላይ ይጫናል፤ በቅንብሩ መስኮት ውስጥ ኾነው ኤፍ 1 ቢጫኑ ያሉበትን ነገር የሚያስረዳው አንቀጽ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። ቤቴ ኔትወርክ በሌለበት ምሽት ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩት። ኢንሰርትንና 1ን አንድ ላይ ሲጫኑ ኪቦርዱ ሥራውን ያቆምና የተነካው ቁልፍ ኹሉ ስሙን፣ ትእዛዝም ካለው ግብሩን ይናገራል፤ ዲሊት የሚለውን እንኳ ቢጫኑ የሚጠፋ ነገር የለም። ጣቴ እየዳበሰ ሲሄድ ድምፁ ስሞቹን ይጠራልኝ ነበር፤ ኢንሰርትንና 1ን ደግሜ ስጫን ኪቦርዱ ወደ ሥራው ተመለሰ።